አጭሩና ፈጣኑ

መንገድ ስቼ አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ከሰፈሩ አልወጣም፣ ወይ እውነቱን አልተናገረም። እኔ ግን የሳትኩት ሌሊቱን ሙሉ ካርታ ሳጠና አድሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ግላኮማ የያዘው የአጎቴ ዓይን እየደከመ መሄዱን ሐኪም ነገራቸው። «ልጄ፣ ብርሃኔ ሳይጠፋ የእናቴን መቃብር አድርሰኝ» አሉኝ። መቃብሩ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ከሚወስደው መንገድ በሚገነጠል ጥርጊያ ዳር፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከወይራ ሥር ነው። ጥርጊያው ወደፊት ሄዶ ከዋናው መንገድ ጋር መልሶ ይገናኛል። ማደሪያችን አንኮበር፣ ዘመድ ቤት ነበር።

ላፕቶፔ ላይ በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ መንገዱን አወጣሁ። መስመሩ በጥርጊያው ገብቶ በቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ሲያልፍ ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ አስቀመጥኩት። ተራራው ላይ ኔትወርክ አይታመንምና ስልኬ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ መንገድ መሪ ጫንኩ። መነሻና መድረሻ ብቻ ሞልቼ ተኛሁ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በወግ ጨረስነው። ከዚያ ስልኩ ቀጥ በል ሲለኝ ቀጥ አልኩ። አጎቴ መገንጠያውን በዓይናቸው አልለዩትም፤ እኔም ስልኩን አምኜ ግራ ቀኝ አላየሁም። «ደርሰዋል» ሲለኝ አንኮበር ነን። ሰው እየጠየቅን ተመልሰን ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። አጎቴ ወይራውን በእጃቸው ዳበሱት እንጂ አላዩትም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። ሌላ ቁጣ አልጨመሩም፤ ባይናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ላፕቶፑንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተያየሁ። ካርታቸው አንድ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ለየቅል። ላፕቶፑን ያዘዝኩት አጭሩን መንገድ እንዲሻ ነው፤ ስልኩ ሲጫን ጀምሮ የሚሻው ፈጣኑን ነው። የዚህ ስሌት ሥር፣ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ በ20 ደቂቃ ያህል ያፈለቀው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ድምሩ የሚያንሰው ይመረጣል። ዋጋው ኪሎ ሜትር ከሆነ ጥርጊያው ያሸንፋል፤ ደቂቃ ከሆነ ዋናው መንገድ። ሁለቱም አልዋሹኝም። ለሁለት አዋቂዎች ሁለት ጥያቄ አቅርቤ አንድ መልስ የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

እዚያው ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጥኩትን መስመር ጂፒኤክስ በሚባለው ፋይል፣ ነጥብ በነጥብ፣ ወደ ስልኬ አሻገርኩት። የራሱን ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ ይህንኑ እንዲከተል አዘዝኩት። ዛሬ ይበልጥ አውቄአለሁ፤ ቢራውተር የተባለው ነፃ ፕሮግራም በኮምፒዩተርም በአንድሮይድ ስልክም ስለሚሠራ ሁለቱን በአንድ ስሌት ያግባባል። ያም ሆኖ ሳልነሣ የሁለቱን ኪሎ ሜትር አመሳክራለሁ፤ መገንጠያዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አገሩን የሚያውቀውን ሰው እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ጥርጊያውን ይዘን ደረስን። አጎቴ ከወይራው ፊት ቆመው ብዙ ዝም አሉ። «እንዴት ገዝፏል!» አሉ በመጨረሻ።

አሁን አያዩም። ስለ ወይራው ስናወጋ ግን የሚያወሩልኝ እሳቸው ናቸው።