ስም ሲጠራ

ጥሊሊ፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ገበያ ላይ ድንች የሚሸጥ አንድ የገጠር ሰው አለ። ከተሜው «ፊቱ የማይፈታ» ይለዋል። ዋጋ ሲጠየቅ ቁጥሯን ብቻ ይናገራል፤ ለሚከራከረው መልስ የለውም፣ ጆንያውን አጥብቆ ይዞ ዝም ነው። ዛሬ አጠገቡ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት በአውንጊ ሰላም አለችው። ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ቀለደ፣ ሳቀ፣ ከመዘነላትም በኋላ ሁለት ፍሬ መረቀላት። እሷ ሄዳ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ያ የተቋጠረ ፊት ተመለሰ። ያጠረው አማርኛ ነው፤ ሸማቹ ግን ጠባይ አጠረው ብሎ ይሄዳል።

ማታ ቡና ላይ ይህንኑ ባወራ አንዷ ጎረቤታችን «ተወው ልጄ፣ ዘሩም እንዲሁ ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ሳይወርድ ወሬው ሰው ደብድቦ ስለታሰረው የወንድማቸው ልጅ ሆነ። «ምን ያድርግ፤ ቀን ጥሎት ነው» አሉ እኚሁ ሴት።

ዓርብ ጥር 15

የትናንቱ ወሬ አልለቀቀኝም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ስሕተት ነው፤ ሌላው ሰው ያደረገውን ስናስረዳ ጠባዩን እናገዝፋለን፣ ያለበትን ሁኔታ እናሳንሳለን። ከእሱ 10 ዓመት ቀድመው ጆንስና ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፈ ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነብበው ነበር። ጸሐፊው ታዝዞ እንደጻፈው እየተነገራቸው እንኳ፣ አንባቢዎቹ የጻፈውን ከልቡ ያመነበት አድርገው ከመገመት አልተመለሱም። ጆአን ሚለር ደግሞ በ1984 አሜሪካውያንን ከሕንድ ሂንዱዎች ጋር ስታወዳድር፣ ሕንዶቹ ከጠባይ ይልቅ ሁኔታን ሲጠቅሱ አገኘቻቸው።

እኛ ሁለቱንም እንችልበታለን። ለዘመድ ቀን ጣለው፣ ለባዳ ዘሩ ነው።

እሑድ ጥር 17

እድር ነበር። ቤቱ ለተቃጠለበት አባል ከወርሃዊው ውጭ መዋጮ ተጠየቀ። ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠ፤ ዳኛው ግን ከመጀመሪያው ስም አልጀመሩም። ዓይናቸውን በአግዳሚው ላይ አንሸራሽረው እህል ነጋዴው ዘንድ ሲደርሱ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይጀምሩልን» አሉ።

«አምስት መቶ ጻፍ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም አምስት መቶ፣ አምስት መቶ። መንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንዱ ጎልማሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስት መቶ» ሲል፣ ጸሐፊው ያልሰማ መስሎ «ስንት?» አለው። ጠላ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሁለት መቶ» አሉ። ይህ ገንዘብ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ዳኛው «እግዜር ይስጥልን» ብለው ቀጠሉ።

ሰሎሞን አሽ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራው የመስመሮችን ርዝመት እያሳየ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ሌሎቹ ተመካክረው ስሕተቱን ሲናገሩ፣ ነገሩን ያላወቁት ተማሪዎች ከሰጡት መልስ ሲሶ ያህሉ ዓይናቸው ካየው ይልቅ የጓደኞቻቸውን አፍ ተከተለ። መልሱን በወረቀት ሲጽፉ ግን፣ ወይም እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው አብሯቸው ሲኖር፣ መሸነፉ በጣም ቀነሰ። የአሽ ተማሪዎች የተረቱት ምናልባት ዳግም ለማያገኙት ሰው ነው። እኚህ እናት የተረቱት ነገ ሬሳቸውን ለሚሸከም ሰው ነው። ደካማ ናቸው የሚል ካለ እድር አያውቅም።

ቅዳሜ ጥር 23፣ እንጅባራ

ዘንገና ሐይቅን አልፈን ማልደን ገባን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር 80ኛ ዓመቱ ነው፤ አባቶች በ1888 በፈረስ ወደ ዓድዋ መዝመታቸው ይዘከርበታል። ሰፈራችን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደውን ልጅ ባጌጠ ፈረስ ላይ፣ በእርካቡ ቆሞ ሲጋልብ አየሁት። ኖርማን ትሪፕሌት በ1898 እ.ኤ.አ. ብስክሌተኞች ብቻቸውን ከሚጋልቡት ከሰው ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ጽፎ ነበር፤ ፈረሱንም ቢያይ ደስ ባለው። አንድ ሽማግሌ ግን «ይሄ ዓይን አፋር አልነበረም ወይ?» ስላቸው «ፈረስ ላይ ማን ያፍራል» ብለው አለፉኝ። ከትሪፕሌት ይልቅ የእሳቸውን ወደድኩት።

እሑድ የካቲት 1

ዳኛውን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። መዋጮው ስም እየተጠራ ሳይሆን በተዘጋ ሳጥን ቢሆን ምን አለበት አልኳቸው። የአቅሙን የሚሰጥ እንዳይሳቀቅ ነው ሐሳቤ።

ሳቁብኝ። «ስም ሳይጠራ ማን ይሰጣል? ሳጥኑ ቢከፈት አሥር አሥር ብር ነው የሚወጣው። ያ ሰውዬስ ቆርቆሮ በምን ይገዛ ነበር?»

ቆርቆሮው ትናንት ገብቷል፤ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አፌን ያዝኩ፤ ግን አሁንም ቢያንስ ጠላ ሻጯ እናት ከእህል ነጋዴው ቀጥሎ መጠራት የለባቸውም እላለሁ። ዳኛው እዚህ ላይ ጥቂት አሰቡና «እሱን እናየዋለን» አሉ። ቀጣዩ ስብሰባ የካቲት 8 ነው፤ ስም ይጠራል።