ሙቀጫዋ

ከወሎ መካነ ሰላም የመጡትን አክስቴን ይዤ ከፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆም አሉ። መኪና ሲዞራት የሚውለውን መድፍ አዩና፣ «ልጄ፣ ይቺ ሙቀጫ የማን ናት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አፏ ሰፊ፣ ቁመቷ አጭር። ታሪኳን ለማያውቅ ዓይን ቅርጽ ብቻ ናት።

«ሴባስቶፖል ናት፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ እትዬ።»

«ኧረ ወዲያ! ሴባስቶፖልስ እኛ ዘንድ ናት!»

ልክ ናቸው። የአዲስ አበባዋ አምሳያ ናት። ዋናዋ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከነሐስ ቀልጣ የተሠራችው፣ 7 ቶን ያህል የምትመዝነው፣ ዛሬም መቅደላ አምባ ሣር ላይ ናት። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት እየተጎተተች የበሽሎን ገደል ወርዳ ስትወጣ ስንቱ ትከሻ እንደተላጠ፣ ያን ገደል በእግሩ የወረደ ሰው ይገባዋል። እኔ እሷን ባሰብኩ ቁጥር ከነሐሱ ይልቅ ገመዱን የያዙት እጆች ናቸው የሚታዩኝ። የእነሱ ስም አልተጻፈም።

አክስቴ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ታዲያ እዚያ ዝናብ አይመታትም?» አሉ።

ይመታታል። ከ150 ዓመት በላይ ክረምቱም በጋውም ተፈራርቆባታል። ወሎ ከዘለቃችሁ፣ እባካችሁ መቅደላ ድረስ ውጡና እዩዋት።