ከአልጋችን ሥር ያለው ቃጫ

ባለፈው ዓመት መስቀልን የዋልነው በአንዱ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን አገር፣ በጉራጌ ምድር፣ ቸሃ ነው። አራት ሆነን ሄድን። ስለ ክትፎውና ስለ ቆጮው አናወራም፤ ያልቀመሰ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ልናወራ የፈለግነው ቆጮው ከወጣለት በኋላ ስለሚተርፈው ነገር፣ ስለ ቃጫ ነው።

ጓደኛችን እናቱን «አዶት» ይላታል፤ እኛም አዶት አልናቸው። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ አዶትና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ጓሮ ወርደው እንሰት ሲፍቁ አየን። ሥራው የሴት ነው፤ ወንድ አይጠጋም። እኛም እንግዶች ነንና ከሩቅ እንድናይ ብቻ ተፈቀደልን። ዘንበል ባለ ጣውላ ፊት መሬት ላይ ይቀመጡና የእንሰቱን ልጥ ባንድ እግራቸው ደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይፍቁታል። ሥጋው ወርዶ ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ጣውላው ላይ የሚቀረው ረጅም ነጭ ጭረት ነው ቃጫ የሚባለው። እሱ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይጠቀለላል።

በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት ይኖራል እየተባለ ይጻፋል። ይህ ስለ ሆድ ነው። ስለ ቃጫው ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። በአዶት ቤት ቆጮው የሁሉ ነው፤ የቃጫው ገንዘብ ግን የአዶት ነው። ጓደኛችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የጻፈበት ደብተር በቃጫ የተገዛ ነው። ይህን ሲነግረን ቀልድ መስሎን ነበር።

ልንመለስ ስንል አዶት ሁለት ጥቅል አሸከሙን። «እዚህ የሚገዛን ነጋዴ በእጁ መዝኖ ‹እርጥብ ነው፣ አጭር ነው› እያለ በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። መርካቶ ሽጡልኝ፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉን።

መርካቶ ወረድን። ከገመድ ሻጮቹ ደጃፍ የተሰቀለው ሁሉ ናይሎን ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ጆንያ ብለን ጠየቅን፤ ማዳበሪያ አሳዩን። አንዱ ባለሱቅ «ልጆች፣ ይኼ እኮ የድሮ ዕቃ ነው» ብሎ ሳቀብን። ሲመሻሽ አንድ ጀሶ ሠሪ አገኘን። ለኮርኒስ ጌጥ ከጀሶው ጋር ይደባልቀዋል። ረጅም ረጅሙን መርጦ ግማሹን ገዛን፤ የከፈለን ገንዘብ ለአራታችን የታክሲ መመለሻና ለሻይ ይበቃ እንደሆነ ነው።

ያን ዕለት ማታ አንድ ስሕተት ሠራን። ካለን ላይ አዋጥተን፣ ገንዘቡን ደህና አስመስለን ለአዶት ላክን። «ተሸጠ» አልናቸው። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

በጥር ወር ስድስት ጥቅል ቃጫ በአውቶቡስ መጣልን።

አሁን ከአልጋችን ሥር ነው ያለው። ክፍሉ የእንሰት ጓሮ፣ የእንሰት ጓሮ ይሸታል። ጓደኛችን አገር ቤት ሲደውል ደግሞ የባሰ ነገር ሰማን፤ የጎረቤታቸውን ማሳ አጠውልግ ገብቶበታል። ይህ በሽታ አዲስ አይደለም፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የጻፉበት ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይታጠፋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል። ከበሽተኛው ወደ ጤነኛው የሚያሻግረው አንዱ ነገር የቆረጡበት ቢላዋ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ነው በእሳት የሚለበለበው። የተያዘ ተክል መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ መቅበር ነው። ታዲያ እንሰት ደርሶ እስኪፋቅ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይጠበቃል። አዶት በሽታውን ፈርተው ያልደረሰውን እየነቀሉ መፋቅ ጀምረዋል። «መርካቶ ይሸጥ የለ» ብለው። ያልደረሰ እንሰት ቃጫው አጭር ነው። ጀሶ ሠሪው የሚመልሰው እሱን ነው።

ማዋጣታችን ወዴት እንዳደረሰን ያን ጊዜ ገባን። እኛ በላክነው የውሸት ዋጋ አንዲት ገበሬ የጓሮዋን ዕጣ እየወሰነች ነው! ስለ ገበሬው በየክርክሩ ስንት ቃል የምንደረድር ሰዎች ለአንዲት ገበሬ እውነተኛ ዋጋ መንገር አቃተን።

ባለፈው እሑድ አራታችንም ስልኩን ከበን ተቀምጠን ጓደኛችን ሁሉንም ነገራቸው። አዶት ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እኔ ገበያ ጠይቁልኝ አልኩ እንጂ መጽውቱኝ አልኩ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ቀጥለውም፣ «ያ ጀሶ ሠሪ የሚፈልገው ስንት ክንድ ነው? በደንብ ጠይቃችሁ ንገሩኝ። ጤነኛዎቹን ላቆያቸው» አሉን።

ነገ ክፍል የለንም። መስፈሪያ ይዘን መርካቶ እንወርዳለን።