ቮልስና ባለ 17 ቸርኬ

ሰሞኑን ቤታችንን ለሁለት የከፈለው ነገር ጎማ ነው ብል አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። አባታችን ትቶልን ያለፈው አንድ ቮልስ አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1965 ምርት። የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሑድ እሑድ እማዬን ቤተ ክርስቲያን የማደርሰውም በእሱ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እኩል ወራሽ ነውና ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚያብለጨልጩ አራት ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎች ከነጎማቸው አስጭኖ መጣ። «ይዘምናላ!» አለ። ፊቴን ሲያየው ጊዜ «አንቺ ደግሞ ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?» ሲል አከለበት።

ይህቺ ጥያቄ ናት እልህ ያስያዘችኝ። ሜትር ይዤ ተንበረከክሁ።

የነባሩ ጎማ ጎን ላይ 155/80 እና 15 የሚል ተጽፏል። ስፋቱ 155 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 80 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ ከቸርኬው እስከ መሬት 124 ሚሊ ሜትር ላስቲክና አየር አለ። አዲሱ 215/45 ባለ 17 ነው፤ ጎኑ 97 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጠቅላላ ቁመታቸውን ሳሰላው ግን 629 እና 625 ሆነ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «አላልኩሽም!» ብሎ ዘለለ።

አዎን፣ ቁመቱን አሳምሮ መርጧል። 215/55 ቢያመጣ ኖሮ ቁመቱ 668 ይደርስ ነበር። የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ ደግሞ ገመዱ የሚዞረው በግራው የፊት ጎማ ነው፤ ስለዚህ አሁን 60 በሚለን ፍጥነት መኪናው 6 በመቶ ያህል የበለጠ ይሮጥ ነበር፣ እኛ ሳናውቅ። ከዚህ ውሸት የዳንነው ላስቲኩን ቀንሰን ነው። ላስቲኩ ሲቀንስ የአዲስ አበባን ጉድጓድና የኮብልስቶኑን ጠርዝ የሚቀበለው ማን ነው? መጀመሪያ ቸርኬው፣ ቀጥሎ የእማዬ ወገብ።

ስፋቱስ? በአንድ ጎማ 60 ሚሊ ሜትር ጨመረ። መሪውን የሚያግዝ ምንም ነገር የሌለው መኪና ነው፤ ክንዴ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ የእኛ ቮልስ አምስት ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ 205 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሶቹ ቸርኬዎች 112 ነው። ማጋጠሚያ ብረት ካልገባ አይታሰሩም። ብረቱ ሲገባ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ኩሽኔታው ይጨነቃል፣ መሪው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል።

«ፓራፋንጎው ይቆረጣላ!» አለ ወንድሜ። «በቡሎን የታሰረ አይደል? ሲያስፈልግ ሌላ ይገጠማል።»

በቡሎን መታሰሩስ ልክ ነው። ሆኖም የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ከፋብሪካ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሶማሌ ተራ የሚገኘው የዚያ ዘመን ፓራፋንጎ ከሞተ ቮልስ ላይ የተነቀለ ነው። የእኛ ግን በሕይወት አለ፤ የአባቴ እጅ ሲወለውለው የኖረ ላሜራ ነው። በመጋዝ ሲነካ ማየት አልሻም፤ ይህን በሜትር መለካት አልቻልሁም።

ወንድሜ የገዛው አራት ነው፤ አምስተኛ የለም። ማታ አንዱ ቢፈነዳ ነባሩን መጠባበቂያ ለማሰር መጀመሪያ ማጋጠሚያውን መፍታት ሊኖርብኝ ነው።  

ለውጥ ጠል እንዳልባል ልናገር። ይህ መኪና ሲሠራ ፋብሪካው ያጠለቀለት ክሩ በሰያፍ የተሸመነ ጎማ ነበር፤ ወደ ራዲያል የቀየረው አባቴ ራሱ ነው። ራዲያል መንገድ ይበልጥ ይይዛል፤ ማንም የሚጠላው አይደለም። ቸርኬውን ግን አልነካም።

ብዙ ተከራክረን በ165 ራዲያል፣ በዚያው በ15 ቸርኬ ተስማማን። ቁመቱ በ2.5 በመቶ ይጨምራል፤ ይህን ያህል ውሸትስ እችለዋለሁ። ወንድሜ ለ17ቶቹ ገዢ እያፈላለገ ነው። እስከዚያው እማዬ ሁለቱን ደራርባ፣ ጨርቅ አልብሳ ረከቦቷን አስቀምጣባቸዋለች።