ባቡሩ ሲሄድ

መተሐራ አካባቢ የድሮው የባቡር ሐዲድ ከግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ካሜራዬን ይዤ በደረቴ ተኛሁ። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ይኸው ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ። አሁን እዚያ ውስጥ እሾህ በቅሏል፣ ምስጥ ኩይሳውን ክቧል። የዛገ ብሎን ላይ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች፤ እሷን ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። (እውነት ለመናገር፣ ከ12 ፎቶ 11ዱ ጅራት ብቻ ነው።)

ፍየል የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ምንም አባባ፤ ሐዲዱን ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ባቡሩ ሲሄድ የት ነበርክ?»

መልስ ስፈልግ አንዷ ፍየል የካሜራዬን ክዳን ታኝካለች።