ከደብረ ወርቅ ወደ ጮቄ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ወርቅ ሲደርስ በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ ይታየዋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል። እኛም በአላህ ፈቃድ ወጣነው። የጤፉ ማሳ ከኋላችን ቀርቶ ገብስና ድንች ተተኩ፤ ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያም በላይ ጅብራ ተቀበለን። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።

ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከዚህ ተራራ ፈልቀው ዓባይ ይገባሉ። ከምንጩ ውዱእ አድርገን ለዙህር ሶላት ቆምን። ቂብላው ከዚህ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ሞጣም በሰሜን በኩል ናት። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶቿ የተቃጠሉባት ሞጣ! ካሰላመትን በኋላ እጃችንን ለዱዓ ያነሳነው ለእርሷ ሰላም ነበር።

ውድ አንባቢያን! አላህ (ሱ.ወ.) ከጮቄ የሚያወርደው ውኃ የሙስሊሙን ማሳ ከክርስቲያኑ ለይቶ አያጠጣም። ይሁንና ተዳፋቱ ወደ ላይ በታረሰ ቁጥር አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ጉዳቱም ሁሉንም ይነካል። ዛፍ መትከል ሰደቃ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እንግዲህ ተራራውንም ጉርብትናውንም መጠበቅ የሁላችን አማና ነው።