18 ሲደመር 25 ስንት ነው?

በርዕሱ የሰፈረውን ጥያቄ አይታችሁ «ይህ ሠልጣኝ ቀለደብን እንዴ?» እንዳትሉኝ አደራ እላለሁ። መልሱ 43 መሆኑን የሁለተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ባለፈው ወር ግን በኮምፒዩተር ክፍላችን፣ እኔው ራሴ በሠራሁት ገጽ ላይ፣ መልሱ 1825 ሆኖ ወጥቷል። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ የተማርኩት ነገር ግን ስለ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ልንገባበት ስለተዘጋጀነው ሙያም ጭምር በመሆኑ፣ በዚህች ዓምድ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለማስተማር ልምምድ በምሄድበት ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የ48 ተማሪዎችን ውጤት በእጅ እየደመሩ አማካይ ማውጣት አታከተኝ። ከሁለተኛ ደረጃ ይዤው የመጣሁት ትንሽ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት ስለነበረኝ ውጤት መመዝገቢያ ገጽ ለመሥራት ተነሣሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት በጃቫስክሪፕት ብቻ ነበር። የአንድ ልጅ ውጤት ሲቀየር የልጁን ድምር ፈልጎ መለወጥ፣ የክፍሉን አማካይ ፈልጎ መለወጥ፣ ያለፉትን ብዛት ፈልጎ መለወጥ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ማዘዝ ነበረብኝ። አንዱን ስረሳ ድምሩ አዲስ፣ አማካዩ አሮጌ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ያየ የክፍሌ ልጅ «ለምን በቪዩ አትሠራውም?» አለኝ።

ቪዩ፣ ተጠቃሚው የሚያየውንና የሚነካውን የድረ ገጽ ክፍል ለመሥራት የሚያገለግል ፍሬምወርክ ነው። ፍሬምወርክ ማለት በእኛ አነጋገር ምሰሶው ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ የተሰጠ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ጭቃውን ይመርጋል፣ በርና መስኮቱንም እንዳሻው ያደርጋል። ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤቫን ዩ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን፣ ስሙ በፈረንሳይኛ «እይታ» ማለት ነው። የፌስቡኩ ሪያክት በአንድ ዓመት ቀድሞት፣ በ2013 ወጥቷል። እኔ ቪዩን የመረጥኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ለመነሻ የሚያስፈልገው አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ በፍላሽ ይዤው ገብቼ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም መሥራት እችላለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት በከንቱ አለፈ። ከጓደኛዬ የገለበጥኩት ትምህርት የተጻፈው ለሁለተኛው ቪዩ ነበር። በፍላሽ የያዝኩት ፋይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የወጣው ሦስተኛው ነው። አሮጌው ሥራውን «ኒው ቪዩ» ብሎ ሲጀምር፣ አዲሱ «ክሪኤት አፕ» ብሎ ይጀምራል። ገጹን በከፈትኩ ቁጥር ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። እኔም ያንን ጽሑፍ እንደ ስድብ ቆጥሬ፣ ሳላነብ እዘጋና እንደገና እገለብጣለሁ። ቀዩ ጽሑፍ ግን ቪዩ በዚያ አኳኋን እንደማይጠራ በግልጽ ይነግረኝ ነበር። የሁለተኛው ቪዩ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ማብቃቱንም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ዋናው ሐሳብ ገባኝ። በፊት የማደርገው ጥላ መጎተት ነበር። ሰው ሲንቀሳቀስ ጥላው ይከተለዋል እንጂ ጥላውን እየጎተተ የሚያስተካክል ማንም የለም። በቪዩ ሰውየው መረጃው ነው፤ ጥላው ገጹ ነው። ውጤቱን አንድ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ገጹ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መረጃው ሲለወጥ ገጹ ራሱ ይከተላል። ድምርና አማካይን የመሳሰሉት ከሌላ መረጃ የሚወለዱ ቁጥሮች ደግሞ «ኮምፒዩትድ» በሚባለው ይጻፋሉ። እነርሱን አስታውሶ መለወጥ የእኔ ሥራ መሆኑ ቀረ።

ሐሳቡ ገባኝ ማለት ግን ሥራው ቀና ማለት አልነበረም። አንድ ቁልፍ በጫንኩ ቁጥር የተማሪ ብዛት በአንድ እንዲጨምር ጻፍኩ። ቁጥሩ በውስጥ ይጨምራል፤ ገጹ ግን ዜሮ እንዳለ ነው። ለካስ ቪዩ የሚጠብቀው «ሬፍ» በሚባል ፖስታ ውስጥ አሽጌ የሰጠሁትን ብቻ ኖሯል። በተራ ስም ያስቀመጥኩትን ነገር መለወጤን ከየት ይወቀው? በዚያ ላይ፣ በጃቫስክሪፕቱ በኩል ፖስታውን ለመክፈት «ቫልዩ» የሚል ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ በገጹ ጽሑፍ በኩል ግን ፖስታው ራሱ ይከፈታል። ይህችን ልዩነት ለመልመድ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ 1825 እንመለስ። «ቪ-ሞዴል» የሚባለውን ተጠቅሜ ሁለት የጽሑፍ ሳጥኖች ሠራሁ። በአንደኛው ከ30 የሚያዘውን ሙከራ፣ በሁለተኛው ከ40 የሚያዘውን ፈተና ይቀበላሉ። 18 እና 25 ብዬ ሞላሁ። ድምር፦ 1825! ወዲያው የኮምፒዩተር መምህራችን መጡ። እኔ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ልል አፌን ከፈትኩ። እርሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም።

«ስሕተቱን ለጊዜው ተወው» አሉኝ። «ማሽኑ በሳጥኑ ውስጥ ምን ያየ ይመስልሃል?»

«ቁጥር ነዋ፣ መምህር!»

«ቁጥር ነው ብለህ ነግረኸዋል?»

አልነገርኩትም። በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ የገባ ሁሉ ለእርሱ ፊደል ነው። «ሰ» እና «ላም» ቢገጣጠሙ «ሰላም» እንደሚሆኑ፣ «18» እና «25» ገጥመው «1825» ሆኑ። ከቪ-ሞዴል አጠገብ «ነምበር» የሚል ቃል ስጨምርበት 43 ብሎ ቁጭ አለ። ማሽኑ በተሰጠው መሠረት ትክክል ነበር።

ከዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባኛል። ይህ ከመሆኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 2/5 ብላ ጽፋ ነበር። እኔም በክፍሉ ሁሉ ፊት «እንዴት ይኼ ይጠፋሻል? አምስተኛ ክፍል ሆነሽ!» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ልጅቷ ቁጭ አለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህም እጇን አውጥታ አታውቅም። እኔ ሰነፍ ናት ብዬ አልፌያት ነበር። ለእኔ ለራሴ በተራዬ ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ሲደርሰኝ፣ ያቺ ልጅ ትዝ ብላኝ አፈርኩ።

በማግስቱ የልምምድ ቀን ነበር። በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና «ያን ቀን አላግባብ ተናግሬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደደመርሽው ንገሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ውጤት ሲደምሩ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። 18 ከ30፣ 25 ከ40፣ አንድ ላይ 43 ከ70 ይላሉ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ስደምር በየሳምንቱ አይታኛለች። ያ የነጥብ ድምር እንጂ የክፍልፋይ ድምር እንዳልሆነ፣ ሁለቱ በአጻጻፍ ቢመሳሰሉም የተለያዩ መሆናቸውን የነገራት ሰው የለም። እኔም አልነገርኳትም።

ከዚያ ደብተሯ ላይ ዳቦ ሣልን። «ግማሽ ዳቦ ነበረሽ እንበል፤ ሲሶ ተጨመረልሽ። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። ዳቦውን አምስት ቦታ ከፈለችውና ሁለቱን አጠቆረች። «እንዴ! ያንሳል!» አለች። ተጨምሮ ማነሱ እርሷንም አስገረማት። ቀጥላ ዳቦውን ስድስት ቦታ ከፈለች፤ ለግማሹ ሦስት፣ ለሲሶው ሁለት ቆጠረች። 5/6 የሚለውን መልስ የጻፈችው ራሷ ናት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እጇን አወጣች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላወጣችም። ስጠይቃት ግን ቀና ብላ መለሰችልኝ። የቀረውን ጊዜ ያመጣው ይሆናል።

ገጼም አሁን ይሠራል። የ48ቱን ልጆች ስም ዝርዝር «ቪ-ፎር» በተባለው በአንድ መስመር ያወጣል፤ አንድ ውጤት ሲታረም ድምሩም አማካዩም አብረው ይታረማሉ። ሆኖም ገጹ ሲዘጋ ወይም መብራት ሲጠፋ የተመዘገበው ይጠፋል፤ መረጃውን ማስቀመጥ ገና አልተማርኩም። ስለዚህ የወረቀቱን መዝገብ አልጣልኩትም።

ለመጀመር ለሚያስቡ ሠልጣኞች ከልምዴ ይህን እላለሁ። በመጀመሪያ መነሻውን ጃቫስክሪፕት እወቁ፤ ፍሬምወርኩ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። የያዛችሁት ትምህርትና የያዛችሁት ፋይል የአንድ ዘመን መሆናቸውን አረጋግጡ። ከመገልበጥ ይልቅ በእጃችሁ ጻፉ፤ ጽፋችሁም አንዲት ቃል እያጠፋችሁ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ቀዩን ጽሑፍ ሳታነቡ አትዝጉ። ሲያቅታችሁም ጠይቁ፤ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባል የለም? የልምምድ ክፍል ያላችሁ ደግሞ፣ አንድ ልጅ ሲሳሳት «እንዴት ይጠፋሃል?» ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት። እኔ ይህን ለመማር 1825 አስፈልጎኛል።



ከአንድ የሒሳብ ሠልጣኝ